ፋውንቴን ፔን ቀለም ሲያፈስ ወይም አልሞላ ሲል ከየት ጀምሮ መፈተሽ ይገባል?

ዋጋው አነስተኛ የሆነ ፋውንቴን ፔን ጣት ማቅለም ወይም አልሞላ ማለት ሲጀምር ብዙ ሰዎች በርካሽነቱ ያመካኙና ይጥሉታል። ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የችኮላ ነው። ውድ ብዕር ከርካሹ የሚለየው ይበልጡን በጫፉ ማዕድን፣ በተሠራበት ቁስና በአጨራረሱ ነው፤ ቀለም የሚይዝበትና የሚያወርድበት መርሕ ግን በሁለቱም አንድ ስለሆነ፣ ምክንያቱ ከታወቀ የርካሹ ብዕር ብልሽት በአብዛኛው በውሃ፣ በሶፍትና በትንሽ ትዕግሥት ይስተካከላል።

መርሑ ይህ ነው፦ ቀለም ከማጠራቀሚያው ወደ ጫፉ የሚወርደው፣ በወረደው ልክ አየር ወደ ላይ ሲገባ ብቻ ነው። ይህን ልውውጥ የሚቆጣጠረው ከብረቱ ጫፍ ሥር ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር የሆነው የፕላስቲክ መጋቢ ነው። ቀለሙ በመጋቢው ላይ በተቀረጸው ቀጭን ቦይ ይወርዳል፣ አየሩም በዚያው በኩል ይገባል፤ በጎኑ የተደረደሩት ስስ ክንፎች ደግሞ ከሚፈለገው በላይ የወረደውን ቀለም ለጊዜው ይይዛሉ። ሉዊስ ዋተርማን እ.ኤ.አ. በ1884 የፈጠራ መብት ያገኘበት ብዕርም ያተኮረው በዚሁ ልውውጥ ላይ ነበር። ከዚህ የሚከተለው ዋና ቁም ነገር፣ ጠብታው የታየበት ቦታና ብልሽቱ ያለበት ቦታ አንድ ላይሆኑ የሚችሉ መሆናቸው ነው። አየር ከላይ በኩል፣ ለምሳሌ በላላ የኮንቨርተር (በውስጡ ባለው መግፊያ፣ ማለትም ፒስተን፣ ቀለም የሚስብ ተነቃይ ማጠራቀሚያ) አፍ፣ ከገባ ቀለሙን ወደ ኋላ የሚይዘው ኃይል ስለሚጠፋ በጫፉ በኩል ይንጠባጠባል፤ ባለቤቱም ምንም ችግር የሌለበትን ጫፍ ሲነካካ ይውላል።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት የሚታየው ነገር በእርግጥ ማፍሰስ መሆኑን ያረጋግጡ። በብረቱ ጫፍ ላይ ስስ ቀለም ተንሰራፍቶ ቢታይ፣ ከመሰንጠቂያው እየወጣ በብረቱ ላይ የሚሄድ ቀለም ነውና ጉዳት የለውም። ብዕሩ በቦርሳ ውስጥ ሲንገላታ ወይም ሲወድቅ ደግሞ ቀለም ወደ ክዳኑ ይረጫል፤ ይህም በማግስቱ የብዕሩን አንገት፣ ማለትም ጣት የሚያርፍበትን ክፍል፣ ያቀልመዋል። ክዳኑን ከውስጥ አጥበው በጥጥ ያድርቁት፣ ብዕሩንም ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይያዙት። ችግሩ ካልተመለሰ ብዕሩ ጤነኛ ነው።

ከተመለሰ ግን ግምትን ትቶ መፈተን ይሻላል። ብዕሩን አጥበው ጥቂት የቀለም ጠብታ የተጨመረበት ውሃ ይሙሉት። ከቀለም ይልቅ እንዲህ ያለ ውሃ የሚመረጠው በቀላሉ ስለሚታጠብና በነጭ ሶፍት ላይ በደንብ ስለሚታይ ነው። የውጭውን አካል በሚገባ ካደረቁ በኋላ ኮንቨርተሩ ከአንገቱ በሚገጥምበት ቦታ ላይ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ይጠቅልሉ፤ ሌላ ቁራጭ ደግሞ ጫፉና መጋቢው ወደ አንገቱ በሚገቡበት ዙሪያ ያድርጉ። ከዚያ ቀፎውን፣ ማለትም ኮንቨርተሩን የሚሸፍነውን የብዕሩን ረጅም አካል፣ ሳይገጥሙ ጫፉን ወደ ላይ አድርገው ለአንድ ሰዓት ያህል በብርጭቆ ውስጥ ያቁሙት፤ ቀጥሎ ገልብጠው በዚያው መጠን ያቆዩት። በመገጣጠሚያው ላይ ያለው ሶፍት ከቀለመ ብልሽቱ እዚያው ነው። እሱ ደረቅ ሆኖ ጫፉ ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ ኮንቨርተሩን ለብቻው ይመርምሩ፦ ሞልተው ያድርቁት፣ አፉን በጣት ይዝጉትና ፒስተኑን ወደ አፉ አቅጣጫ በቀስታ ይግፉት። ከፒስተኑ ጀርባ እርጥበት ከታየ የፒስተኑ ማሸጊያ ጎማ አልቋል፤ በግድግዳው ላይ ትንሽ ጠብታ ካበጠች ኮንቨርተሩ ተሰንጥቋል። በሁለቱም ሁኔታ መፍትሔው ኮንቨርተሩን መቀየር እንጂ ማጣበቂያ መቀባት አይደለም።

በርካሽ ብዕሮች ላይ በቅድሚያ ልጠረጥረው የምመርጠው የኮንቨርተሩን አፍ ነው። ብዙዎቹ ብዕሮች የሚቀበሉት ዓለም አቀፍ መለኪያ የሚባለውን ሲሆን የአፉ ስፋት ወደ 2.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአንዳንድ የቻይና ሥሪቶች ላይ ግን 3.4 ሚሊ ሜትር የሆነ አፍ ይገኛል። ሰፊው በጠባቡ አንገት ላይ ሲገጠም የገባ ይመስላል፤ ዙሪያውን ግን አየር ያስገባል። ጠባቡ በሰፊው ላይ በኃይል ሲገፋ ደግሞ አፉ ይሰነጠቃል። እንደ ፓይለት፣ ፕላቲነም፣ ላሚና ፓርከር ያሉት ድርጅቶች የየራሳቸው መለኪያ ስላላቸው የአንዱን ለሌላው ማዋል አይገባም። ልኩ ትክክል ቢሆንም በተደጋጋሚ መንቀልና መሰካት አፉን ያላላዋል፤ ኮንቨርተሩ ሲገባ የመያዝ ስሜት ካልተሰማና በራሱ ክብደት ከወለቀ ጊዜው አልፏል።

አንገቱ ራሱ ሲሰነጠቅም ይታያል፣ በተለይ ግልጽ ፕላስቲክ በሆኑት ላይ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከልክ በላይ ማጥበቅ ነው። ስንጥቁ በአጉሊ መነጽር፣ ብርሃን ከጎን ሲመታው ይታያል። እንዲህ ያለውን አንገት ለማዳን ብዙ መድከም አያዋጣም፤ መለዋወጫ ካለ መቀየር ነው። ጫፍና መጋቢን ለማጽዳት ነቅለው ከመለሱ በኋላ ማፍሰስ ከጀመረ ደግሞ እስከ መጨረሻው አልገቡም ወይም አቅጣጫቸው ዞሯል፤ አውጥተው ከአንገቱ ውስጥ ያለውን ማረፊያ በማየት ሁለቱንም አንድ ላይ ቀጥ አድርገው ይግፏቸው።

ምንም ሳይበላሽ የሚያፈስበትም ጊዜ አለ። ማጠራቀሚያው ሊያልቅ ሲቃረብ ውስጡ በአብዛኛው አየር ነው፤ የእጅ ሙቀት አየሩን ሲያሰፋው የተረፈውን ቀለም ወደ ውጭ ይገፋዋል። ቀለም በቀጥታ በቀፎው ውስጥ የሚሞላባቸው ብዕሮች ብዙ አየር ስለሚይዙ በዚህ ይበልጥ ይጠቃሉ፤ እነዚህ ቀለማቸው ወደ አንድ ሦስተኛ ከመውረዱ በፊት እንደገና መሞላት አለባቸው። የቀፎው ጥርስ ላይም ስስ የሲሊኮን ግሪስ ይቀባል፣ ኦሪንግም (ክፍተቱን የሚዘጋ የጎማ ቀለበት) ይደረግበታል። በግሪሱ ፋንታ ቫዝሊን መጠቀም የተፈጥሮ ጎማን ስለሚያበላሽ አይመከርም። በአውሮፕላን ውስጥም ግፊቱ ሲቀንስ ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል፤ ብዕሩን ወይ ሙሉ ወይ ባዶ አድርጎ፣ ጫፉን ወደ ላይ ይዞ መጓዝ ይበቃል።

አልሞላ የሚለው ብዕር ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ይመረመራል። መጀመሪያ የሚታየው ጥልቀቱ ነው፤ የብረቱ ጫፍ ሙሉ በሙሉ፣ ከአንገቱ ጠርዝ ጭምር፣ በቀለሙ ውስጥ ካልሰመጠ ፒስተኑ አየር ይስባል። ፒስተኑን በዝግታ ይሳቡ፣ መጨረሻው ላይ ጥቂት ሴኮንዶች ይጠብቁ፣ ከዚያ ያውጡት። ይህም ሆኖ ግማሽ ብቻ ከሞላ ኮንቨርተሩን ነቅለው አፉን ብቻ በውሃ ውስጥ ነክረው ይሳቡ። እስከ አፉ ከሞላ ፒስተኑ ደህና ነው፣ ችግሩም በመገጣጠሚያው ወይም በተዘጋ መጋቢ ላይ ነው፤ ካልሞላ ጎማው ደርቋል ወይም አልቋል። የደረቀውን ጎማ በጣም ጥቂት ሲሊኮን ግሪስ ያነቃዋል፤ ከጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጫፍ የሚበልጥ አያስፈልግም፣ ትርፉ ወደ መጋቢው ወርዶ ቀለም እንዳይወርድ ያግዳልና። እንደ ሄሮ 616 ያሉት በመጭመቅ የሚሞሉ ብዕሮች በአንድ ጊዜ አይሞሉም፤ ጫፉ በቀለሙ ውስጥ እንዳለ ደጋግሞ መጫን፣ በየመሃሉም ቀለም የሚይዘው ከረጢት ተነፍቶ እስኪመለስ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሌላው ሰዎችን የሚያሳስተው ሁኔታ፣ ኮንቨርተሩ ሙሉ ሆኖ ብዕሩ አንድ ገጽ ያህል ጽፎ የሚደርቅበት ነው። ቀለሙ በኮንቨርተሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ ከቀረና ሲነካካ ከወረደ፣ በአዲስ ኮንቨርተር ውስጥ ያለው ቅባት ነው፤ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በገባበት ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ሳሙናውን ጨርሶ ማስወጣት ይፈታዋል። ቀለሙ ወርዶ ሳለ ከደረቀ፣ ለአፍታ አርፎ እንደገና ከጻፈ ግን የአየር መግቢያው ጠቧል ማለት ነውና መጋቢው መታጠብ አለበት። አንገቱን በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ ፍል ውሃ ፕላስቲኩን ሊያጣምመው፣ አልኮልና አሴቶን ደግሞ ሊያቀልጡት ይችላሉ። በማግስቱ በሲሪንጅ ከአንገቱ ጀርባ ውሃ ይግፉበት፤ የሚወጣው ውሃ ሶፍት ላይ ቀለም መተው ሲያቆም መጋቢው ጸድቷል። ሼላክ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) ያለበት የሥዕል ጥቁር ቀለም የገባበት መጋቢ ግን በውሃ ላይለቅ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ቀለም ለፋውንቴን ፔን ስላልተሠራ መጀመሪያውኑ ወደ ብዕሩ መግባት የለበትም።