የዓሣ ኢንዛይም ጂን ስታጠኑ ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

ግሉኮካይኔዝን (ሴል ግሉኮስን መጠቀም እንዲጀምር የሚያደርገውን ኢንዛይም) የመሰለ የሜታቦሊዝም ኢንዛይም ጂን ከዓሣ ለይታችሁ አውጥታችሁ፣ በየትኛው የሰውነት ክፍል ምን ያህል እንደሚሠራ ልትለኩ ነው? ብዙው ጥፋት የሚደርሰው የዲኤንኤ ቅጂ የሚያበዛው የፒሲአር ማሽን ገና ሳይበራ ነው።

ዓሣው መቼ እንደበላ አለመመዝገብ። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የጉበት ግሉኮካይኔዝ በምግብ ይታዘዛል፤ ካርቦሃይድሬት የበላ ዓሣ ላይ ኤምአርኤንኤው (ኢንዛይሙ የሚሠራበት የጂኑ መልእክት) በጥቂት ሰዓታት ይጨምራል፣ የጾመው ላይ ግን እስከነአካቴው ላይታይ ይችላል። ስለዚህ አንዱን ጠዋት ሳይበላ፣ ሌላውን ከሰዓት በልቶ ካረዳችሁት፣ ያወዳደራችሁት ዓሣዎቹን ሳይሆን የምግብ ሰዓቱን ነው።

ናሙና ሲወሰድ መዘግየትና ደም አለማጠብ። አርኤንኤ ቶሎ ይፈርሳል፣ ቁራጩ ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይግባ፣ ከዚያ በ-80 ዲግሪ ይቀመጥ። ደሙን ደግሞ አትናቁት። የዓሣ ቀይ የደም ሴል ከእኛው በተለየ ኒውክለስ አለው፣ የራሱ አርኤንኤም አለው፤ ልብ ወይም ኩላሊት ላይ የታየው ምልክት ከፊሉ የደሙ ሊሆን ይችላል። ካርፕ ላይ ከሆነ የምትሠሩት ሌላም ጣጣ አለ፦ ቆሽቱ ጉበቱ ውስጥ ተሰራጭቶ ነው ያለው፣ ስለዚህ «ጉበት» ብላችሁ የጻፋችሁት ሁለቱንም ነው።

አንድ ጂን ብቻ አለ ብሎ ማሰብ። የአብዛኞቹ አጥንታም ዓሦች ቅድመ አያት ከ300 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ሙሉ ጂኖሙ (ጠቅላላ ዲኤንኤው) ተባዝቷል፣ የሳልመንና የትራውት ዘር ደግሞ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ጨምሮ ተባዝቷል። ስለዚህ ተመሳሳይ ቅጂዎች ይኖራሉ፣ ሥራቸውም ሊለያይ ይችላል። ፕራይመሩን (ፒሲአሩ ቅጂ የሚጀምርበትን አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ቅጂዎቹ በሚለያዩበት ቦታ ላይ ንደፉ፣ ከጂኑ መጨረሻ ያለው የማይተረጎም ክፍል ብዙ ጊዜ ይረዳል። ውጤቱንም ሲኩዌንስ አድርጉት፣ ማለትም የዲኤንኤውን ፊደላት ቅደም ተከተል አንብቡ፤ የማቅለጫ ኩርባው (የፒሲአሩ ውጤት በሙቀት ሲላቀቅ የሚታየው መስመር) አንድ ጫፍ ብቻ ስላሳየ ልባችሁ አይረፍ።

የተለመደውን ማነጻጸሪያ ጂን፣ ቤታ አክቲንን፣ በጭፍን ማመን። ጡንቻና ጉበት ውስጥ መጠኑ እኩል አይደለም። ብዙ የሰውነት ክፍሎችን የምታወዳድሩ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ማነጻጸሪያ ጂኖች ሞክሩ፣ የፕራይመሩም ብቃት (በየዙሩ ቅጂውን የማባዛት አቅሙ) ከ90 እስከ 110 በመቶ መሆኑን አረጋግጡ።

ከአንድ ኮሎኒ (ለይታችሁ ያወጣችሁትን ጂን ከተሸከመ የባክቴሪያ ክምር) ብቻ ሲኩዌንስ ማንበብ። በፒሲአር ዲኤንኤውን የሚገለብጠው ታክ ኢንዛይም ይሳሳታል፣ የራሱን ስህተትም አያርምም። ጥቂት ኮሎኒዎች ይነበቡ።

የአንዱን ዓሣ ናሙና ሦስት ጊዜ ለክቶ «ሦስት ናሙና» ማለት። አይሆንም፣ አንድ ዓሣ አንድ ነው።

ኤምአርኤንኤ ጨመረ ማለትም ኢንዛይሙ ሠራ ማለት አይደለም። ስለ ሥራው መናገር ከፈለጋችሁ ከዚያው ጉበት ቁራጭ አስቀርታችሁ የኢንዛይሙን እንቅስቃሴ ለብቻው ለኩ።