የወፍ ጎጆ ሳጥንን ድንቢጥ ሲወርሰው፦ ለጎንደር ግቢዎች ችግርና መፍትሄ

ወፍ እንቁላል እንዲጥልበት በግቢ ዛፍ ላይ ስለሚሰቀል ቀዳዳ ያለው የጎጆ ሳጥን የሚነበበው አብዛኛው ምክር የመጣው ከሰሜን አሜሪካ ነው። እዚያ ወራሪ የሚባሉት ሰዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ አምጥተው የለቀቋቸው ወፎች ሲሆኑ፣ የቤት ድንቢጥ እ.ኤ.አ. በ1851 በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ከተለቀቀች በኋላ አህጉሩን አዳርሳለች፤ ጎጆዋን ማፍረስም በሕግ አይከለከልም። በጎንደር ግቢዎች የምናያት ራሷ ግራጫ፣ ወገቧ ቀይ ቡናማ የሆነችው ድንቢጥ ግን ያገር ተወላጅ ስለሆነች፣ ከአንድ ሳጥን እናግዳታለን እንጂ አናጠፋትም።

ምልክት፦ ሳጥኑ እስከ ክዳኑ ድረስ በደረቅ ሣር፣ በዶሮ ላባ፣ በጨርቅ ብጣሽና በፌስታል ቁራጭ ታጭቋል፤ የሣሩ ጫፍ በመግቢያው በኩል ወጥቶ ይንጠለጠላል።

መንስኤ፦ ይህ የድንቢጥ ሥራ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቀዳዳው ስፋት ሲሆን፣ አናጢው በግምት 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ከቦረቦረው ድንቢጥ ያለ ችግር ትገባለች። ሁለተኛው ምክንያት ቦታው ነው፤ ጤፍና ስንዴ ከሚሰጣበት፣ የእንጀራ ፍርፋሪ ከሚደፋበት ማዕድ ቤት አጠገብ የተሰቀለ ሳጥን ሌላ እንግዳ አያገኝም።

መፍትሄ፦ ቀዳዳው 28 ሚሊ ሜትር ይሁን። መለኪያ ከሌለዎት የአንድ ብር ሳንቲም ስፋቱ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሳንቲሙ በቀዳዳው ውስጥ ጠርዙን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ካለፈ ልኩ ትክክል ነው። በዚህ ልክ ድንቢጥ ስትቀር፣ ጀርባዋ ነጭ የሆነችው ትንሿ ጥቁር ወፍ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማትገኘው፣ ልትገባ ትችላለች። ይህች ወፍ ዛፍ ትፈልጋለች፤ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ግቢ እንዳለው ዓይነት ያረጀ ጽድና ወይራ በአካባቢዎ ከሌለ፣ ሳጥኑ ብቻውን አያመጣትም። ባሕር ዛፍ ሽንቁር ሳያበጅ ስለሚቆረጥ በሽንቁር ለሚጎጁ ወፎች እምብዛም አይጠቅምም። ከቀዳዳው በታች የሚተከለውን መቆሚያ እንጨት ያውልቁት፤ ለውበት ከሚጨመሩት ነገሮች ሁሉ ጎጂው እርሱ ነው፣ ድንቢጥና ድመት ይጠቀሙበታልና። በሳጥኑ ውስጥ እንቁላል ወይም ጫጩት ካለ አይንኩት፤ ጫጩቶቹ ሲወጡ ያጽዱና ቀዳዳውን ያጥብቡ።

ምልክት፦ ጠቦ የተሠራው ቀዳዳ ከጊዜ በኋላ ሰፍቷል፣ ዙሪያውም ተፈርፍሯል።

መንስኤና መፍትሄ፦ የጥርስ ምልክት ያለበት ከሆነ አይጥ፣ የተጠረበ የሚመስል ከሆነ ግንደ ቆርቁር ነው። በ28 ሚሊ ሜትር የተበሳ የቆርቆሮ ቁራጭ በቀዳዳው ላይ በሚስማር ይምቱበት፤ ጠርዙን ግን በሞረድ ያለስልሱት፣ ካልሆነ የወፏን ደረት ይቆርጣል።

ምልክት፦ በመስከረምና በጥቅምት ከሳጥኑ ሁምታ ይሰማል፣ በመግቢያውም ንብ ይመላለሳል።

ለንብ የሚያግድ የቀዳዳ ልክ የለም፤ ወፍ የሚገባበት ሁሉ ንብን ያስገባል። ጭስ ይዞ ሲመሽ ወደ ቀፎ የሚያዛውር ንብ አናቢ ይጥሩ እንጂ ራስዎ አይሞክሩ፣ ልጆችንም ያርቁ። ቀፎ ያለው ጎረቤት ደስ ብሎት ይወስደዋል።

ምልክት፦ ዓመቱን ሙሉ ማንም አልገባበትም።

ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነና ቀትር ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ ውስጡ ይግላል። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጣውላ ይክደኑት፣ ከክዳኑ ሥር የአየር ቀዳዳ፣ ከወለሉም የውሃ ማፍሰሻ ያብጁለት፤ መግቢያውንም የክረምቱ ዝናብ በብዛት ከሚገፋበት አቅጣጫ አዙረው፣ ከመሬት 3 ሜትር ገደማ ከፍ አድርገው ጥላ ውስጥ ይስቀሉት።