ለክረምት የሚሆን መጽሐፍ ለሰው እንዴት ይመረጣል?

ትምህርት ቤት ሲዘጋ «ለልጄ ምን መጽሐፍ ልግዛለት?» የሚል ጠያቂ ይበዛል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»። መጽሐፉ ሐምሌ መግቢያ ላይ ይገዛል፣ ሠላሳኛው ገጽ ላይ ይታጠፋል፣ መስከረም ሲጠባም እዚያው እንደታጠፈ ይገኛል። ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም። የመከረው ሰው ስለ መጽሐፉ እንጂ ስለ አንባቢው አላሰበም።

ስለዚህ ርዕስ ከመጥራታችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁት። «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» የሚለው አይረባም፤ ሁሉም «ታሪክ» ወይም «ልብ ወለድ» ብሎ ያልፈዋል። «መጨረሻ ላይ የጨረስከው መጽሐፍ የቱ ነው? ጀምረህ የተውከውስ? የት ላይ ተውከው?» በሉት። ሃምሳ ገጽ ሳይሞላ የሚተው ሰው ብዙውን ጊዜ ታሪኩ ቶሎ ያልተነሣለት ነው። መሃል ደርሶ የሚተው ደግሞ ወይ ገጸ ባሕርያቱ ተምታተውበታል ወይ ለቀናት አቋርጦ ሲመለስ ክሩ ጠፍቶበታል። ለመጀመሪያው ቶሎ የሚነሣ ታሪክ፣ ለሁለተኛው ደግሞ ብዙ ገጸ ባሕርይ የሌለበት ይሻላል።

ቀጥሎ ሒሳብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ 60 ቀን፣ ጳጉሜን ሲጨመር 65 ነው። የማጠናከሪያ ትምህርት አለ፣ ዘመድ ጥየቃ አለ፣ ፍልሰታን የሚያስቀድስ አለ፣ የእንቁጣጣሽ ሽር ጉድም አለ። ስለዚህ ለንባብ የሚተርፈውን 40 ቀን ብላችሁ ያዙ። አንባቢው ሰዓት ይዞ ግማሽ ሰዓት ያንብብና ገጹን ይቁጠር። 12 ገጽ ከሄደ፣ በቀን በግማሽ ሰዓት ክረምቱን ሙሉ የሚያነበው 480 ገጽ ነው ማለት ነው። ይህ ለሁለት ቀጫጭን መጽሐፍ ይበቃል፤ ለአንድ ወፍራም ግን ላይበቃ ይችላል። አምስትና ስድስት መጽሐፍ ደርድሮ መስጠት ልጁን ገና ሳይጀምር ያታክተዋል። ሁለት ስጡት፤ ሦስተኛውን እናንተ ጋ አቆዩለት።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ሥራ ማስለመድ ነው፤ ቀጠን ያለ ይሁን። ለከተማ ልጅ፣ በተለይ ሁለተኛ ደረጃን ለጨረሰ፣ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» (1962 ዓ.ም.) ደህና መነሻ ነው። ዋናው ሰው አበራ ወርቁ በቢሮ ሥራውና በሥዕል ፍላጎቱ መካከል ተወጥሮ የሚኖር የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ቋንቋው ዛሬም አይከብድም። «ጦቢያ»ም ቀጭን ነው፤ ነገር ግን ቀጭን ስለሆነ ብቻ ለጀማሪ አትስጡ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው ሥራ ነው። አማርኛው የዘመኑ ስለሆነ ለለመደ አንባቢ እንጂ ለልጅ አይመችም።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን መስጠት ካለባችሁ አዘጋጅታችሁ ስጡ። የሐዲስ ዓለማየሁ ድርሰት በ1958 ዓ.ም. የወጣ፣ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ሥራ ነው። አንባቢው የሚጠብቀው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ነው። መጽሐፉ ግን የሚጀምረው ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው፤ ሁለቱ ፍቅረኞች እስኪገናኙ ብዙ ገጽ ያልፋል። ይህ ያልተነገረው ሰው «ታሪኩ መቼ ነው የሚጀምረው?» እያለ ይሰለቻል። የወላጆቹ ታሪክ፣ በተለይ የእናትዬው ስለት፣ የልጁን ዕድል የሚወስን መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩት። የጎጃሙ አነጋገር ለጆሮው እንግዳ ከሆነ ወጋየሁ ንጋቱ ለሬዲዮ የተረከውን ትረካ አስጀምሩት። አንድ ሁለት ክፍል ካዳመጠ በኋላ ዓይኑ ገጹ ላይ ሲሄድ ድምፁ አብሮት ይሄዳል፤ ጉዱ ካሳ ሲናገር ደግሞ ማንም ሳይጎተጉተው ያነባል። ፍጻሜውን ግን አትንገሩት። ርዕሱ የተናገረው ይበቃል!

«ኦሮማይ» ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል። የበዓሉ ግርማ ይህ ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው የታገደ ነው፤ ደራሲው በቀጣዩ ዓመት የካቲት ላይ የገባበት ጠፋ። ታሪኩ አሥመራ ላይ፣ ደርግ በኤርትራ አማፂያን ላይ በከፈተው በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ ነው። ዘመቻው ምን እንደነበር የማያውቅ ወጣት ስለ ስብሰባና ስለ ፕሮፓጋንዳ የሚያወሩት ገጾች ባዶ ይሆኑበታል። ዘመኑን ከሚያውቅ ሰው ጋር የሃያ ደቂቃ ጨዋታ ይቅደም። ውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ደግሞ አንድ ዕድል አለ፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም እ.ኤ.አ. በ2025 ስለወጣ ወላጅ በአማርኛ፣ አማርኛ ማንበብ የማይችል ልጅ በእንግሊዝኛ እያነበቡ አንድ ጉዳይ ማውራት ይችላሉ። ለአዋቂ የተጻፈ መሆኑን ግን አትርሱ።

የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» በነካ እጃችሁ አትስጡ። ግሩም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ዝግ ብሎ የሚያነብና ያላወቀው ቃል የማያስደነግጠው ሰው ይፈልጋል።

ፊደል ገና ለለመደ ሕፃን ከርዕሱ ይልቅ የፊደሉን መጠንና በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። እናንተ አንድ ገጽ፣ እሱ አንድ ገጽ እየተፈራረቃችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ሲሳሳት ቃሉን ራሱን ንገሩትና ይቀጥል፤ በየመስመሩ ማረም ንባቡን ፈተና ያደርገዋል።

ግዢ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ። ተፈላጊ መጻሕፍት ያለ ፈቃድ እየተባዙ ይሸጣሉ፤ ከታተመው ቅጂ ላይ ፎቶ ተነሥተው እንደገና የታተሙት ደግሞ ፊደላቸው ይደፈርሳል። በአማርኛ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። የ«ሉ» ቅጥያ ደብዝዞ «ለ» ይሆናል፤ የ«ቤ» ቀለበት በቀለም ተደፍኖ «ቢ» ይመስላል። አንባቢው ሳይታወቀው እያንዳንዱን ቃል በግምት እያነበበ ይደክማል፤ ከዚያ «መጽሐፉ ከበደኝ» ይላል። መሃሉን ገልጣችሁ አንድ አንቀጽ እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ቀጥሎ የገጽ ቁጥሮቹን በአውራ ጣት እየለቀቃችሁ ተከታተሉ። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ በአንድ ወረቀት ታትሞ፣ ታጥፎ ነው የሚጠረዘው፤ ስለዚህ ሲጎድል አንድ ገጽ ሳይሆን ከ96 ወደ 113 ይዘላል፣ ወይም ያው 16 ገጽ ሁለት ጊዜ ይገባል። አሮጌ መጽሐፍ ስትገዙ የመጨረሻውን ቅጠል ሳታዩ ብር አታውጡ፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚገነጠለው እሱ ነው።

መግዛት ካልተቻለ አዲስ አበባ ውስጥ አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትና፣ ሰው ወመዘክር እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ እዚያው ተቀምጦ ለማንበብ ይሆናሉ።

የክረምቱ እርጥበትም መታሰብ አለበት። መጽሐፍ ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ይሻግታል፤ አራት ጣት ያህል አርቁት። የረጠበ መጽሐፍ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ሽፋኑ ይቆለመማል፣ የጀርባው ሙጫም ይለቃል። በየጥቂት ገጹ ሶፍት እያስገባችሁ፣ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አቁማችሁ አድርቁት።

ከሰጣችሁ ከሳምንት በኋላ ደውሉ። «ጨረስክ?» አትበሉ፤ «የት ደረስክ? አሁን ማን ነው የሚያበሳጭህ?» በሉ። ገጸ ባሕርይ በስም ጠርቶ ካማ መጽሐፉ ይዞታል፤ ተዉት ያንብብ። ከተድበሰበሰ ሌላ 40 ገጽ እንዲሞክር ንገሩት። ያኔም ካልሄደለት መጽሐፉን ሳትወቅሱት ተቀበሉትና ያቆያችሁትን ሦስተኛውን ስጡት።