የድርጅት ስልክ ቁጥር ችግሮች፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ደንበኛ «ደውዬ አጣኋችሁ» ሲል ብዙ የንግድ ድርጅቶች በኔትወርኩ ያሳብባሉ። ኔትወርኩ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ባይካድም፣ በተደጋጋሚ የሚሰማው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ለሥራው የማይስማማ ቁጥር ከመመረጡ ነው።

ስልኩ ሁልጊዜ ተይዟል

የሞባይል ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚያነጋግረው አንድ ሰው ስለሆነ፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሁለተኛው ደዋይ ይጠብቃል ወይም ተስፋ ቆርጦ ወደ ሌላ ሱቅ ይደውላል። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አራት ቁጥር መደርደር ችግሩን አይፈታውም፤ አብዛኛው ሰው የሚሞክረው የመጀመሪያውን ነው። መፍትሄው መደበኛ ስልክ አስገብቶ፣ በርካታ መስመሮች በአንድ ዋና ቁጥር ሥር እንዲሰበሰቡና አንዱ ሲያዝ ጥሪው ወደ ቀጣዩ እንዲያልፍ ማስደረግ ነው። የውስጥ መስመር ለሚያስፈልገው ትልቅ ድርጅት ደግሞ ፒቢኤክስ (የቢሮ ስልኮችን እርስ በርስና ከውጭ ጋር የሚያገናኝ ማዞሪያ) ከኤስአይፒ ትራንክ (ብዙ ጥሪዎችን በአንድ ጊዜ በዳታ መስመር ከሚያስተላልፍ ግንኙነት) ጋር ይስማማል። በ011 የሚጀምር ቁጥር ድርጅቱ አዲስ አበባ፣ በ058 የሚጀምር ደግሞ በባሕር ዳርና በጎንደር አካባቢ እንደሚገኝ ስለሚናገር፣ ፕሮፎርማና ደረሰኝ ላይ ሲታይ አመኔታን ይጨምራል።

ሠራተኛው ሲለቅ ደንበኛውም አብሮት ይሄዳል

ከሁሉም የከፋው ጉዳት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። መርካቶ ውስጥ የሚሠራ አንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይን እናስብ። በሰሌዳው፣ በጭነት መኪናው በርና በደረሰኙ ላይ የታተመው በ09 የሚጀምር ቁጥር የወጣው በሽያጭ ሠራተኛው መታወቂያ ነው። ሠራተኛው ለቆ ከሁለት ሱቅ በኋላ ካለ ተፎካካሪ ጋር ሲቀጠር፣ «ባለ 12 ፌሮ ስንት ገባ?» ብሎ የሚደውል የቆየ ደንበኛ የሚያገኘው እሱኑ ነው፤ ዋጋውንም የሚነግረው በአዲሱ አሠሪው ስም ነው። ቴሌብር በዚያው ቁጥር ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ ለድርጅቱ የተላከው ገንዘብ በግለሰቡ ስም ባለ ሂሳብ ውስጥ ይገባል።

ሲም ካርዱን ማስመለስ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ቁጥሩ በስሙ የተመዘገበ ሰው መታወቂያውን ይዞ ሄዶ ምትክ ሲም ካወጣ፣ አሠሪው እጅ ያለው ካርድ መሥራቱን ያቆማል። ስለዚህ ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለና ግንኙነቱ ሳይሻክር አብሮ ወደ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አቅርቦ ቁጥሩን ወደ ድርጅቱ ስም ማዛወር ይገባል። ሰውየው ከለቀቀ በኋላ ከእሱ ጋር ከመሟገት ይልቅ በድርጅቱ ስም አዲስ ቁጥር አውጥቶ፣ ከደረሰኝ ቅጂዎች ላይ ደንበኞችን እየፈለጉ አንድ በአንድ ማሳወቅ ይሻላል።

ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ጥሪው አይገባለትም

ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት አኃዝ አጭር ቁጥር ለማስታወስ ቀላል ነው፤ እንደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 እና እንደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደዋዩ እጅግ ብዙ ለሆነ ተቋም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አጭር ቁጥር በመሠረቱ የአገር ውስጥ ቁጥር በመሆኑ፣ ቤት ለመግዛት ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚደውል ሰው ላይደርስበት ይችላል። ለአነስተኛ ነጋዴም ወጪው የሚያዋጣ አይመስለኝም። ከውጭ የሚደወልለት ድርጅት ሙሉውን ቁጥር ከ+251 ጋር ማሳተም አለበት፤ ከአገሩ መለያ በኋላ የመጀመሪያዋ 0 ትቀራለች። ስለዚህ «+251 011» ብሎ ማሳተም ስህተት ሲሆን ትክክለኛው «+251 11» ነው።

መብራት ሲጠፋ መደበኛው ስልክ ይሞታል

የድሮው የመዳብ መስመር ኃይል የሚያገኘው ከቴሌ ጣቢያው ነበር፤ በፋይበር የሚመጣ ስልክ ግን ቢሮ ውስጥ በተተከለው መሣሪያ በኩል ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ለመሣሪያው አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) መግዛት ይበቃል።

የማረጋገጫ ኮድ አይመጣም

በመደበኛ ስልክ ዋትስአፕ ቢዝነስ ለመክፈት የሚሞክር ሰው ኮዱን በመልእክት ቢጠብቅ አይደርሰውም፤ በድምፅ ጥሪ እንዲነገረው የሚለውን አማራጭ መምረጥ አለበት። ለቴሌግራምና ለቴሌብር በድርጅቱ ስም የወጣ የሞባይል ቁጥር መያዝ ይመረጣል።

ቁጥር የሚቀይር ድርጅት ነባሩን ወዲያውኑ መዝጋት የለበትም። ነባሩ ሞባይል ከሆነ **21* ብሎ፣ አዲሱን ቁጥር አስከትሎና በ# ዘግቶ በመደወል ጥሪዎቹን ማስተላለፍ ይቻላል። የተላለፈው ጥሪ ሂሳብ የሚቆረጠው ከነባሩ ቁጥር ስለሆነ በውስጡ ቀሪ ሂሳብ መኖሩን መከታተል ያስፈልጋል፤ በባንክና በግብር ቢሮ የተመዘገበውም ቁጥር ነባሩ ከመዘጋቱ በፊት መቀየር ይኖርበታል።