«ክርስቶስ ንጉሥ ነው» ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ክርስቶስ ንጉሥ ነው» የሚለውን የሚክድ ክርስቲያን የለም። ጭቅጭቁ የሚነሳው «በማን ላይ?» ሲባል ነው። በቤተ ክርስቲያን ላይ ብቻ ነው ወይስ በአገራትና በመንግሥታትም ላይ?

አንደኛው ስህተት ከአንድ ጥቅስ ይነሳል። ጌታ ለጲላጦስ «መንግሥቴ ከዚህ ዓለም አይደለችም» አለው (ዮሐ. 18፥36)። ብዙዎች ይህን «የዚህ ዓለም ነገር አያገባትም» ብለው ያነቡታል። «ከ» የምትለዋ ፊደል ግን የምትናገረው ስለ ምንጭ ነው። ሥልጣኑን ከዚህ ዓለም አላገኘውም ማለት ነው። ያው ጌታ ከትንሣኤው በኋላ «ሥልጣን ሁሉ በሰማይና በምድር ተሰጠኝ» ብሏል። «በምድር» የሚለውን ዘለን ማለፍ አንችልም።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። «የሁሉ ንጉሥ ከሆነ እኛ በሰይፍ እናንግሠው» ይላል። ሙንስተር የምትባለው የጀርመን ከተማ ይህን በ1534 እ.ኤ.አ. አይታዋለች። አናባፕቲስቶች (የሕፃናትን ጥምቀት ሳይቀበሉ አዋቂዎችን ዳግም የሚያጠምቁ ወገኖች) ከተማዋን ያዙ፣ «አዲሲቱ ኢየሩሳሌም» አሏት። መሪያቸው ራሱን አነገሠ፣ ሚስት ላይ ሚስት ደረበ። በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ነገር በደም አለቀ። (አናባፕቲስቶችን ሁሉ በዚህ መፈረጅ ግን ግፍ ነው። አብዛኞቹ ሰይፍ የሚባል ነገር የማይነኩ ነበሩ።)

ሦስተኛው፣ በእኔ ግምት ዋናው፣ የክርስቶስን ንግሥና ከቤተ ክርስቲያን ገዥነት ጋር ማምታታት ነው። በ1596 እ.ኤ.አ. የስኮትላንዱ ሰባኪ አንድሪው ሜልቪል ንጉሥ ጄምስ 6ኛን እጅጌውን ይዞ ተናገረው። በስኮትላንድ ሁለት ነገሥታትና ሁለት መንግሥታት አሉ አለው። በክርስቶስ መንግሥት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንተ ንጉሥም፣ ጌታም፣ ራስም አይደለህም፤ አባል ነህ አለው። ድፍረት ነው! ግን ልብ በሉ፣ ሜልቪል «ዙፋኑን ለእኛ ልቀቅ» አላለም። የእሱን መንገድ የተከተሉት ወገኖችም መንግሥት ራሱ ለክርስቶስ ይገዛ ይላሉ እንጂ ለቀሳውስት ይገዛ አይሉም። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

የጀርመኑን የተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተርንም በደንብ ሳያነቡ የሚጠቅሱት አሉ። «ሁለት መንግሥታት» ያለው፣ አንዱ የእግዚአብሔር፣ ሌላው የማንም ያልሆነ ማለቱ አይደለም። ሁለቱንም የሚገዛው እግዚአብሔር ነው፤ አንዱን በቃሉ፣ ሌላውን በሕግና በሰይፍ። ይህ ተዘንግቶ ፖለቲካው ለብቻው ሲተው ምን እንደሚመጣ ጀርመን በሒትለር ዘመን አየች። በ1934 እ.ኤ.አ. ባርመን በተባለው የጀርመን ስፍራ የተሰበሰቡት ክርስቲያኖች የክርስቶስ ሳይሆን የሌላ ጌታ የሆነ የሕይወት ክፍል አለ የሚለውን ትምህርት በግልጽ ውድቅ አደረጉ።

የመጨረሻው ሮሜ 13ን ብቻ ይዞ መሮጥ ነው። ባለ ሥልጣን የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው፣ እውነት ነው። ራእይ 13 ላይ ግን ሥልጣን አውሬ ሆኖ ይታያል። ጴጥሮስ ልኩን በአጭሩ ጽፎታል፦ «ሁሉን አክብሩ፥ ወንድሞችን ውደዱ፥ እግዚአብሔርን ፍሩ፥ ንጉሥን አክብሩ» (1 ጴጥ. 2፥17)። ለንጉሡ የደረሰው ለሰው ሁሉ የተሰጠው «አክብሩ» የሚለው ቃል ነው። «ፍሩ» የተባለው ለአንዱ ብቻ ነው።