የባትሪ ንባብ ከመልቲሜትር ጋር ሲለያይ፦ የአናሎግ ወደ ዲጂታል መቀየሪያ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር፣ አዘዞ በሚገኝ አንድ ቤት መብራት ሲጠፋ የሚያገለግለውን የ12 ቮልት ባትሪ የሚከታተል አርዱዊኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ገጥሜ ነበር። ቀን 12.6 ቮልት ሲያሳይ የዋለው ስክሪን ማታ 13.4 አለ፤ መልቲሜትሩን ባትሪው ላይ ሳደርገው ግን አሁንም 12.6 ነበር።

ምልክት፦ ንባቡ በሙሉ በተመሳሳይ መቶኛ ከፍ ይላል።

ምክንያቱ ኮዱ ውስጥ አይደለም። በቦርዱ ቺፕ ውስጥ ያለው፣ ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚለውጠው መቀየሪያ የገባውን ቮልቴጅ የሚለካው ከማመሳከሪያ ቮልቴጅ ጋር በማነጻጸር ነው፤ መጀመሪያ ከማመሳከሪያው ግማሽ፣ ቀጥሎ ሩቡን፣ ከዚያም ስምንተኛውን እየጨመረ ወይም እየተወ 10 ጊዜ ያነጻጽርና ከ0 እስከ 1023 ያለ ቁጥር ይሰጣል። ነጋዴ በሚዛን ላይ ከትልቁ ድንጋይ ጀምሮ ወደ ትንሹ እንደሚሄደው ማለት ነው፤ ድንጋዩ ከቀለለ ደግሞ እቃው የከበደ ይመስላል። ኡኖ ሌላ ካልታዘዘ ማመሳከሪያው ራሱ የሚሠራበት 5 ቮልት ነው። ያን ማታ ቦርዱ በቀጭን ረጅም ገመድ ከስልክ ቻርጀር ይመገብ ስለነበር 5 ቮልት ፒኑ ላይ ያገኘሁት 4.7 ብቻ ነበር፤ 12.6ን በ5 አባዝተው ለ4.7 ቢያካፍሉ 13.4 ያገኛሉ።

መፍትሄው በቺፑ ውስጥ ያለውን፣ የቦርዱ 5 ቮልት ቢወርድም አብሮ የማይወርደውን የ1.1 ቮልት ማመሳከሪያ መጠቀም ነው። እርግጥ ከቺፕ ቺፕ ከ1.0 እስከ 1.2 ሊለያይ ይችላል፤ ስለዚህ በዚሁ ማመሳከሪያ አንድ ጊዜ ካስነበቡ በኋላ ኤሬፍ (AREF) የተባለውን የማመሳከሪያ ፒን በመልቲሜትር ለክተው ያገኙትን ቁጥር ኮዱ ውስጥ ይጻፉ። ወደዚያ ፒን የውጭ ቮልቴጅ ፈጽሞ አያስገቡ። የባትሪው ቮልቴጅም ከ1.1 በታች እንዲሆን በ150 ኪሎ ኦም (ከባትሪው በኩል) እና በ10 ኪሎ ኦም (ከግራውንድ፣ ማለትም ከ0 ቮልት በኩል) ሬዚስተሮች ይከፋፍሉት፣ ፒኑንም መካከላቸው ላይ ያገናኙ፤ 12.6 ቮልቱ ወደ 0.79 ገደማ ይወርዳል።

ምልክት፦ የአንዱ ቻናል (የመለኪያ ፒን) ንባብ የጎረቤቱን ይከተላል።

ባትሪ እንዳይበላ በማሰብ ለመከፋፈያው 1 ሜጋ ኦምና 470 ኪሎ ኦም የሚመርጡ አሉ፤ ሐሳቡ መልካም ቢሆንም መቀየሪያው በር ላይ 14 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ክፍል) አለ፣ ቻናል በተቀየረ ቁጥርም በአዲሱ ቮልቴጅ መሞላት አለበት። ለመሙላት ያለው ጊዜ 12 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ብቻ ስለሆነ በትልቅ ሬዚስተር በኩል ሳይሞላ ይቀራል፣ ያለፈው ቻናል ትርፍም ውስጡ ይቆያል። የቺፑ አምራች የምንጩ ተቃውሞ (ፒኑ ከሬዚስተሮቹ የሚያየው) ከ10 ኪሎ ኦም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ከላይ ያለው የ150 እና የ10 ኪሎ ኦም ጥንድ 9.4 ኪሎ ኦም ገደማ ስለሚሰጥ ሁለቱንም ችግር አብሮ ይፈታል። ትልቁን ሬዚስተር መተው ካልፈለጉ ከፒኑ ወደ ግራውንድ የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ይግጠሙ።

ንባቡ 1023 ላይ ተቸንክሮ ከቀረ የገባው ቮልቴጅ ከማመሳከሪያው በልጧልና ወዲያውኑ ይንቀሉት። ምንም ሳይነኩት ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተላቀቀ ሽቦ ነው፤ አስቀድመው የግራውንዱን ይፈትሹ።