አሮጌውን ሰርቨር ከመጣላችሁ በፊት፦ ድሬ ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ድሬ ላይ ዌብሳይታቸውን በራሳቸው ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨር፣ የሚያስተናግዱ ቢሮዎች አሁንም አሉ። ትምህርት ቤቱም፣ ትራንዚት ቢሮውም፣ ሆቴሉም። ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የደከመ ዴስክቶፕ ነው፤ ቦታው ደግሞ ዕቃ ቤት፣ ከወረቀት ክምር ጎን። ሲበላሽ "አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ" ይባላል። ይገዛ። ግን አሮጌውን የገደለው ሙቀቱ፣ አቧራው ወይም መብራቱ ከሆነ አዲሱንም እዚያው ጥግ ብታስቀምጡት ያው በሽታ ይይዘዋል። ለዚህ ነው ከአሮጌው ምልክት የምጀምረው።

አንድ ነገር ከወዲሁ፦ አዲሱ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ አሮጌውን ማንም አይንካው። "ፎርማት አድርጌ ለልጆች ልውሰደው" የሚል ሰው ከየትኛውም ቢሮ አይጠፋም።

ከሰዓት በኋላ ብቻ ይጠፋል

ጠዋት ደህና ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ መንቀራፈፍ ይጀምራል፣ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ድርግም ይላል። ማታ ሲከፍቱት ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። "ቫይረስ ነው" የሚላችሁን አትስሙ፣ ሙቀት ነው።

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ። ሐረር ላይ ዓመታት ያለ ኮሽታ የሠራ ማሽን ደንገጎን ወርዶ ድሬ ሲገባ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልበረደለት ማሽኑ ይጠፋል። ሃርድ ዲስክ ግን እንዲህ ያለ ብልሃት የለውም። አብዛኞቹ የተሠሩት እስከ 60 ዲግሪ እንዲችሉ ነው፣ በቆርቆሮ ሥር የተዘጋ ክፍል 38 ከገባ ደግሞ ዲስኩ 50ን ለማለፍ ብዙ አይቸግረውም።

ኬዙን ክፈቱ። የፕሮሰሰሩን ፋን አንሱና ከሥሩ ያለውን የብረት ክንፍ ተመልከቱ፤ አቧራው እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ታገኙታላችሁ፣ ፋኑ ቢዞርም አየሩ አያልፍም። በብሎወር ንፉት። ስትነፉ ግን ፋኑን በእስክሪብቶ ያዙት፣ በግፊቱ ከልክ በላይ ከዞረ ይበላሻል። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ያለውን የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ፔስት በአልኮል ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ።

ለአዲሱ ኬዝ ስትመርጡ ብልጭልጭ መብራቱን ተዉት። ከፊት ለፊት ወልቆ የሚታጠብ የአቧራ ማጣሪያ ይኑረው፣ ከፊት የሚያስገባ ከኋላ የሚያስወጣ ፋን ይኑረው። ኤሲ ያለበት ክፍል ይሻላል ትሉ ይሆናል። ኤሲው ሰው ሲወጣ የሚጠፋ ከሆነ ግን እሁድ ቀን መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚቀረው ሰርቨሩ ብቻውን ነው። እኔ ብሆን ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ጋ ያለ፣ አየር የሚያስገባ ክፍል እመርጣለሁ።

መብራት ይመጣል፣ ሰርቨሩ አይነሳም

ሌሊት መብራት ሄዶ መጥቷል፣ ዌብሳይቱ ግን ጠዋት ሰው ገብቶ ቁልፉን እስኪጫን ድረስ የለም። ይህ የብልሽት ሳይሆን የሴቲንግ ጉዳይ ነው። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ግቡና "ኃይል ሲመለስ ምን ላድርግ" የሚለውን ፈልጉ፤ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ሲመጣ "ጠፍተህ ቆይ" በሚለው ላይ ነው። "ተነሳ" አድርጉት።

አስተካክላችሁ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ተመልሶ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ቀይሩ። ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት፣ ሰዓት ቤትም አትጠፋም። እሷ ከሞተች ማሽኑ ከመብራት በተነጠለ ቁጥር ሴቲንጉን ሁሉ ይረሳል፤ አንዳንዱ ጭራሽ "ኤፍ1 ተጫኑ" ብሎ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሰርቨር ደግሞ ስክሪንም ኪቦርድም ስለሌለው ይህን የሚያይ የለም። ሰዓቱም ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ሰዓቱ የተሳሳተ ሰርቨር አፕዴት ማውረድ ያቅተዋል፣ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚሰጠውን የዌብሳይቱን የደህንነት ሰርተፍኬት በጊዜው ማደስ ያቅተዋል፣ የባክአፕ ፋይሎቹም ቀናቸው ይዘበራረቃል። ከዚያ ሰው ሶፍትዌሩን ሲያምስ ይውላል። ጥፋቱ የአንዲት ባትሪ ነው።

ዩፒኤስ አለ፣ ግን መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል

መጀመሪያ ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን) ላይ ምን ምን እንደተሰካ እዩ። ከሥሩ ዲቫይደር፣ ዲቫይደሩ ላይ ቬንትሌተር፣ ከዚያ ሌዘር ፕሪንተር ካገኛችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ሌዘር ፕሪንተር ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ብቻውን ትንሽ ዩፒኤስ ይጥላል። ንቀሉት። ዩፒኤሱ ላይ ሰርቨሩ፣ ራውተሩና ስዊቹ ብቻ ይቅሩ።

ጭነቱ ቀላል ሆኖም የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ሞቷል። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ሙቀት አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ለድሬ አልተጻፈም። ዩፒኤሱን አትጣሉት፣ ከብዙዎቹ ውስጥ ያለው 12 ቮልት ባትሪ ብቻውን ተገዝቶ ይቀየራል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አሮጌው ማሽን በዚያው ዩፒኤስ ደህና ይሠራ ነበር፣ አዲሱ ግን መብራት በሄደ ቅጽበት ይጠፋል። ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚሰጠው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው፤ አንዳንድ አዳዲስ ፓወር ሰፕላዮች፣ በተለይ አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባል የኃይል ማስተካከያ ያላቸው፣ ይህን አይቀበሉትም። ንጹህ ሳይን ዌቭ፣ ማለትም እንደ መብራቱ ለስላሳ ሞገድ፣ የሚሰጥ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ስለዚህ አዲሱን ማሽን ስትገዙ የዩፒኤሱንም በጀት አብራችሁ ያዙ። የዩኤስቢ ገመዱንም ሰክታችሁ ባትሪው ሲያልቅ ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ አድርጉ፤ አብዛኛው ሰው ገመዱን ከነላስቲኩ ካርቶን ውስጥ ይተወዋል።

ኬዙን ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ ኧርዝ የለውም ማለት ነው። ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፣ በዚህ አትጫወቱ።

ዲስኩ ይንቋቋል፣ ዌብሳይቱ ይንቀረፈፋል

ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበውን የስማርት ሪፖርት አውጡና ሦስት መስመሮች ፈልጉ። ቁጥር 5 የተበላሹና በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎች ናቸው። 197 ለማንበብ ያስቸገሩና ውሳኔ የሚጠብቁ ናቸው። እነዚህ ከዜሮ ተነስተው እየጨመሩ ከሆነ ነገ ዛሬ ሳትሉ ዳታውን ገልብጡ። 199 እየጨመረ ሌሎቹ ዜሮ ከሆኑ ግን ዲስኩ ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የሳታ ገመድ ነው የታመመው፤ ዋጋው ከዲስኩ ጋር አይወዳደርም። ገመዱን ሳያዩ ደህና ዲስክ የጣሉ ብዙ ናቸው።

ለአዲሱ ሁለት እኩል ዲስክ ግዙና ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ዳታ በሚጽፈው አሠራር፣ በሬይድ 1 አጣምሯቸው፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። ግን አቦ፣ ይህን ባክአፕ አትበሉት! በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም እኩል ነው የሚሰረዘው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ምን እንዳደረገ ድሬ ላይ ለማንም አይነገርም። አንድ ቅጂ ከዚያ ሕንፃ ውጭ፣ ሳቢያን ሰፈር ወይም ሐረር ያለ ሰው ጋ ይቀመጥ። ሰርቨሩም መሬት ላይ አይቀመጥ።

አዲሱ ተገጣጥሞ አይከፍትም

ከመሰካታችሁ በፊት ፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ላይ ቀይ መቀየሪያ ካለ 230 ላይ መሆኑን እዩ። ታይዋን ገበያ ከምታገኟቸው ያገለገሉ ማሽኖች 115 ላይ የተተወ ቢኖር፣ በእኛ መብራት ሲሰካ በአንድ ድምፅ ያልቃል።

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ፣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለችው የ4 ወይም የ8 ፒን የኃይል ገመድ መሰካቷን አረጋግጡ፤ ትልቁን 24 ፒን ሰክቶ እሷን መርሳት የተለመደ ነው። ቀጥሎ ራሙን ነቅላችሁ አንዱን ብቻ ሞክሩ። ሁሉም ደህና ከሆነ የፕሮሰሰሩን ስም አንብቡ። መጨረሻው ላይ ኤፍ ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም፣ ካርድ ካልገጠማችሁለት ምስል አይሰጥም። ርካሽ የሆነውም ለዚሁ ነው።

ሲነሳ ደግሞ ዳታ ከመጫናችሁ በፊት የራም መፈተሻው ሜምቴስት ሌሊቱን ሙሉ ይሂድበት። አንዲት ስህተት እንኳ ካሳየ ራሙን መልሱ።

ቢሮ ውስጥ ይከፍታል፣ ውጭ አይከፍትም

ራውተሩ የዌብሳይት መግቢያ የሆኑትን 80 እና 443 ፖርትን አሁንም ወደ አሮጌው ማሽን ነው የሚልከው። አዲሱ ሌላ የውስጥ አድራሻ ነው ያገኘው። ለአዲሱ ቋሚ የውስጥ አድራሻ ስጡና የፖርት ማስተላለፊያውን ወደ እሱ አዙሩ። ሁለቱም ማሽኖች ከአንድ ራውተር ጀርባ ከሆኑ ዲኤንኤስ (የዌብሳይቱን ስም ከአድራሻው የሚያገናኘውን መዝገብ) መንካት አያስፈልግም፤ ቢበላሽባችሁም ራውተሩን መልሳችሁ ወደ አሮጌው ማዞር ነው። አድራሻው የሚቀየር ከሆነ ግን ቲቲኤሉን (ሌሎች የድሮውን አድራሻ ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ) ቀደም ብላችሁ ወደ 300 ሰከንድ አውርዱት። 86,400 ላይ ከተተወ አንዳንዱ ጎብኚ አንድ ቀን ሙሉ አሮጌውን ያንኳኳል።

በተቃራኒው ውጭ ከፍቶ ቢሮ ውስጥ የራውተሩ መግቢያ ገጽ ከመጣ ሰርቨሩ ጤነኛ ነው። ራውተሩ ከውስጥ ወጥቶ በራሱ አድራሻ ተመልሶ የሚገባውን አያስተናግድም። ሁልጊዜ በስልካችሁ ሞባይል ዳታ ፈትሹ።

የራውተሩ የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ደግሞ አትድከሙ፣ አድራሻውን ከሌሎች ደንበኞች ጋር እየተጋራችሁ ነው። ከአገልግሎት ሰጪው የራሳችሁን ቋሚ አድራሻ ጠይቁ።

የአሮጌውን ዲስክ እንዳለ አዲሱ ላይ ገጥማችሁ ኔትወርኩ ከሞተ፣ አዲሱ ማሽን ላይ የኔትወርክ ካርዱ ስም ተቀይሯል፣ ሴቲንጉ ግን የድሮውን ስም ይጠራል። ስሙን አስተካክሉ።

አማርኛው ተበላሸ

ዋናው ጣጣ እዚህ ነው፤ የውጭ መመሪያዎችም ስለ ፊደላችን አያወሩም።

ዳታቤዙን አዛውራችሁ ገጹን ስትከፍቱ ከሁለት አንዱን ታያላችሁ። የመጀመሪያው፣ ጽሑፉ ሁሉ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ፣ ጭረት ያለባት ትንሿ ኤ በየሦስት ምልክቱ ትደጋገማለች። ይህን ስታዩ ተመስገን በሉ። ዛሬ ጽሑፍ በሚቀመጥበት ኮድ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው የሚይዘው፣ በየጊዜው የምንጽፋቸው ፊደላት የመጀመሪያ ባይታቸው ደግሞ አንድ ነው፤ ያቺ ኤ እሷ ናት። ባይቶቹ አልጠፉም፣ የሚያነባቸው ነው የተሳሳተው። ድሮ ሠንጠረዡ ላቲን1 (ለአውሮፓ ፊደላት የተሠራ ኮድ) ተብሎ ተፈጥሮ አማርኛ ሲታጨቅበት ኖሯል።

መፍትሄው አሮጌው ማሽን ላይ ይጀምራል። ዳታውን ስታወጡ የፊደል ቅንብሩን ላቲን1 በሉት፣ እንዳይቀይረው ማለት ነው፤ ባይቶቹ እንዳሉ ይወጣሉ። ከዚያ የወጣውን ፋይል በጽሑፍ ማረሚያ ከፍታችሁ ከላይ ባለው የ"SET NAMES" መስመርና ሠንጠረዦቹ የታወጁበት ቦታ ላይ ላቲን1 የሚለውን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (የዳታቤዙ ሙሉ ዩቲኤፍ-8) አድርጉትና አዲሱ ላይ በዚሁ በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አስገቡት። የዌብሳይቱ ኮድ ከዳታቤዙ ጋር ሲገናኝም ይህንኑ ቅንብር ይጠቀም፣ አለበለዚያ አዲስ የሚጻፈው እንደገና ይዘበራረቃል።

ድሮ ረዣዥም ርዕሶች መሃል ላይ ይቆረጡ ከነበረም ምክንያቱ ይኸው ነው። 255 ቦታ ያለው የላቲን1 ዓምድ የሚይዘው 85 የግዕዝ ፊደል ብቻ ነው።

ሁለተኛው የጥያቄ ምልክት ነው። በየፊደሉ ቦታ አንድ "?" ተሰልፎ ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ፊደሉ ተተክቷል፣ ከተተካ ደግሞ ከዚያ ቅጂ ውስጥ የሚመለስ ነገር የለም። ወደ አሮጌው ማሽን ሄዳችሁ እንደገና ማውጣት ነው። አሮጌውን አትንኩ ያልኩትም ለዚህ ነው።

በጣም የቆዩ ገጾች ደግሞ አሉ፣ የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነበሩት ፎንቶች አሠራር የተተየቡ። እነዚህ ፎንቱ ከሌለ ሁልጊዜም የላቲን ትርምስ ናቸው፣ ከላይ ያለው ዘዴ አይሠራባቸውም። ለዚያ ፎንት የተሠራ መቀየሪያ ፈልጉ፤ ካልተገኘና ገጾቹ ጥቂት ከሆኑ እንደገና መተየቡ ይፈጥናል።

ነጭ ገጽ፣ የጠፉ ፎቶዎች

ገጹ ምንም ሳይል ነጭ ከሆነ ዌብሳይቱ የተጻፈበትን ቋንቋ፣ የፒኤችፒውን የስህተት መዝገብ አንብቡ። አሮጌ ኮድ ከዳታቤዙ፣ ከማይኤስኪውኤል ጋር የሚገናኝባቸው ጥንታዊ ትእዛዞች በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው ፒኤችፒ 7 ተሰርዘዋል፤ ዴቢያን 12 የሚባለው የሊነክስ ሲስተም ደግሞ ይዞ የሚመጣው 8.2ን ነው። ኮዱ በአዲሶቹ መገናኛዎች፣ በማይኤስኪውኤልአይ ወይም በፒዲኦ ይታደስ። "አሮጌውን ሲስተም እንዳለ እንጫነው" የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ለምሳሌ ሌላው የሊነክስ ሲስተም ሴንትኦኤስ 7 ከጁን 30 ቀን 2024 ጀምሮ የጥበቃ አፕዴት የለውም። ከኢንተርኔት ጋር አታገናኙት።

ጽሑፉ መጥቶ ፎቶዎቹ ከቀሩና የድሮው ዊንዶውስ ከነበረ፣ ሊነክስ የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደ ሁለት የተለያየ ስም ነው የሚያያቸው። የፋይሎቹን ስም በሙሉ ወደ ትንሹ ፊደል ቀይሩ፣ ኮዱ ውስጥ ያለውንም እንዲሁ።

ራውተሩን የምታዞሩበትን ሰዓት ምሽት አድርጉት፣ ከ3 ሰዓት በኋላ። ጎብኚ ይቀንሳል፣ ክፍሉም ይበርዳል። ካዞራችሁ በኋላ ሆን ብላችሁ የዩፒኤሱን መሰኪያ ከግድግዳው ንቀሉና ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ሰርቨሩ ራሱን ዘግቶ፣ መሰኪያው ሲመለስ ሰው ሳይነካው ከተነሳ የአሮጌውን የኔትወርክ ገመድ ንቀሉ። ማሽኑን ግን ከነዲስኩ አንድ ግንቦትና ሰኔ እስኪያልፍ መደርደሪያ ላይ አቆዩት።